የአሮጌ መኪና ጌጅ ለምን ይዋሻል?

መኪናው ሠላሳ ዓመቱን ደፍኗል። ሞተሩ ደህና ነው፤ ማርሹም አላስቸገረም። ዳሽቦርዱ ግን የራሱን ጠባይ አውጥቷል። ታንኩን ሞልታችሁ ስትወጡ የነዳጅ ጌጁ ባዶ ነው ይላል። የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ላይ ይዘላል። ፍሬቻ ስታሳዩ ደግሞ ጠቋሚዎቹ በሙሉ ከፍሬቻው ጋር እኩል ብድግ ቁጭ ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ዕቃ ይገዛል። ሴንሰር ይቀይራል። ካልሆነ ጌጁን ይቀይራል። እሱም ካልሆነ መኪናውን ለመሸጥ ያስባል። አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የሙቀት ጌጄ ቀዩን መስመር እየነካ ሲያስደነግጠኝ ሴንሰሩን ቀየርኩ። አልተሻለውም። ቴርሞስታቱን ቀየርኩ። ያው ነው። ሁለተኛ ሴንሰር ገዛሁ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ከዳሽቦርዱ ኋላ የላላች አንዲት ብሎን ነበረች። እሷን ለማጥበቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከሁሉ የሚያናድደው፣ ፍንጩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኔ ሥር ነበር። የነዳጅ ጌጁም ከሙቀቱ ጋር አብሮ ከፍ ብሎ ነበር። ግን “ታንክህ ሙሉ ነው” የሚል ጌጅ ማንን ያስጨንቃል?

አንዲት ብሎን ሁለት ጌጆችን እንዴት እንደምታሳብድ ለመረዳት፣ ጌጅ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ የምናወራው ሁሉን ነገር ኮምፒውተር ስለሚቆጣጠራቸው አዳዲስ መኪኖች አይደለም። በሽቦ፣ በጠቋሚና በትንንሽ አምፖል ስለሚሠሩት ስለ ቀደሙት ነው።

ጠቋሚው ወሬውን ከየት ያመጣዋል?

የነዳጅ ጌጅ ስለ ነዳጅ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት ብቻ ነው።

ከረንት ከባትሪው ይነሳል። በፊውዝና በመኪናው ቁልፍ በኩል ወደ ጌጁ ይመጣል። ከጌጁ በአንድ ቀጭን ሽቦ ታንኩ ውስጥ ወዳለው ሴንሰር ይወርዳል። ከሴንሰሩ ደግሞ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ዙሩ ከተሟላ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ከተቋረጠ ይቆማል።

ሴንሰሩ የቧንቧ መክፈቻ ማለት ነው። ውሃውን እንደሚያጠበውና እንደሚያሰፋው መክፈቻ፣ የሚያልፈውን ከረንት ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ይህ ከረንትን የመገደብ ነገር “ሬዚስታንስ” ይባላል፤ መለኪያው ኦም ነው። ታንኩ ውስጥ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ነዳጁ ሲወርድ እሱም ይወርዳል፤ የተያያዘበት ክንድ በሬዚስታንስ ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ መጠኑን ይቀይራል። የሞተር ሙቀት ሴንሰር ውስጥ ደግሞ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቁስ አለ። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ብዙ ከረንት ያልፋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዚያ ዙር ላይ ዝገት ቢገባ፣ ማገናኛ ቢላላ፣ ሽቦ ቢሳሳ ከረንቱ ይቀየራል። ጌጁ ይህን ከነዳጅ መቀነስ የሚለይበት መንገድ የለውም። የደረሰውን ብቻ ይናገራል።

ፍጥነት የሚያሳየው ጌጅ ግን በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣ የሚሽከረከር ገመድ አለው። ገመዱ አንድ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ ደግሞ ሳይነካው አጠገቡ ያለውን የብረት ኩባያ ከነጠቋሚው ይስባል። የፍጥነት ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገመዱ ደርቋል ወይም የሆነ ቦታ ተጣሞ ታንቋል። እዚያ ላይ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይዞ መዞር ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለት ጌጆች አብረው ቢያብዱስ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ጌጅ ብቻውን ሲበላሽ ጥፋቱ ያለው በዚያው መስመር ላይ ነው። ሴንሰሩ፣ ሽቦው ወይም ራሱ ጌጁ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ሲበላሹ ግን ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ቀን ሞቱ ማለት የማይመስል ነገር ነው። የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። የሚጋሩት ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ነው። ፊውዙ፣ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው የመመለሻ ሽቦና፣ ካለ፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያው። ቮልቴጅ ከረንቱን የሚገፋው ግፊት ነው።

ማረጋጊያ ምን ይሠራል? የቆዩ ጌጆች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በሙቀት የሚሠራ ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ቀጭን ጣት አለ። ዙሪያውን የተጠመጠመው ሽቦ ሲሞቅ ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይለጠጡ ጣቱ ይጎብጣል፤ ጠቋሚውንም ይገፋል። ይህ ጌጅ በዝግታው ይታወቃል። ቁልፉን ስታዞሩ ጠቋሚው ቀስ እያለ ይወጣል። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራ ነው። ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ጠቋሚውን በየፊናቸው ይስቡታል፤ ጠቋሚው የሚቆመው በመካከላቸው ባለው ሚዛን ነው። ይህኛው ፈጣን ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ብድግ ይላል።

በሙቀት የሚሠራው አንድ ደካማ ጎን አለው። ቮልቴጁ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይሞቃል። መኪና ላይ ቮልቴጅ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። ሞተሩ ሲጠፋ ወደ 12.6፣ ሲነሳ ወደ 14 ይሆናል። ስለዚህ ከጌጆቹ በፊት ቮልቴጁን ዝቅ አድርጋ የምታረጋጋ ትንሽ ሳጥን ተገጠመች። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ወደ 10 ቮልት፣ በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ወደ 5 ቮልት ታወርደዋለች። ነዳጅም ሙቀትም የሚጠጡት ከዚህችው ምንጭ ነው።

የቀድሞዋ ማረጋጊያ የምትሠራበት መንገድ ይገርማል። እሷም ራሷ የሚሞቅ ጣት አላት። ሲሞቅ ጎብጦ ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ያገናኛል። እንዲህ እየቆረጠች እየቀጠለች አማካዩን 10 ወይም 5 ቮልት ታደርገዋለች። በዲጂታል መልቲሜትር ብትለኳት ቁጥሩ ከ0 ወደ 12 እየዘለለ ያደናግራችኋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራዋ ነው። በሙከራ አምፖል፣ ማለትም ሽቦ ላይ ከረንት መኖሩን በምታሳይ ትንሽ አምፖል፣ ብታዩአት ብልጭ ድርግም ትላለች።

አሁን ወደ ብሎኔ ልመለስ። የማረጋጊያዋ ጣት እንዲሞቅ ከረንቱ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለሰው በዚያች ብሎን በኩል ነበር። ብሎኗ ስትላላ ጣቱ መሞቁን ተወ፤ ካልሞቀ ደግሞ አይቆርጥም። የመኪናው ሙሉ ቮልቴጅ ሳይቀነስ ወደ ሁለቱም ጌጆች ሄደ። ሁለቱም አጋነኑ። ሴንሰሮቹ ግን ምንም አልሆኑም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ምርመራ ቀላል ነው። ነዳጅና ሙቀት አብረው ከልክ በላይ ካሳዩ ማረጋጊያዋን ወይም መመለሻ ሽቦዋን ጠርጥሩ። ሁለቱም አብረው ከሞቱ ከፊውዙ ጀምሩ፤ ፊውዙ ደህና ከሆነ ማረጋጊያዋ ቆርጣ ቀርታ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰው “ግራውንዱን እየው” የሚለው ለምንድን ነው?

ግራውንድ የመመለሻው መንገድ ነው። አንዳንድ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። መኪና ላይ ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሽቦ አይዘረጋም። የሚሄደው በሽቦ፣ የሚመለሰው በመኪናው አካል ነው። ሽቦ ይቆጥባል፤ ግን ብረት ይዝጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ብሎን ይላላል።

ግራውንድ ሲበላሽ ለምን እንግዳ ነገር እንደሚፈጠር ለማየት የቤት ፍሳሽ አስቡ። የእጅ መታጠቢያውም፣ የወጥ ቤቱም፣ የሻወሩም ውሃ በአንድ ቱቦ ይወጣል። ያ ቱቦ ሲደፈን ወጥ ቤት ያፈሰሳችሁት ውሃ ሻወሩ ወለል ላይ ብቅ ይላል። ሻወሩ ምንም አላጠፋም። መኪና ላይም እንደዚሁ ነው። የዳሽቦርዱ መብራቶችና ጌጆች በአንድ ሽቦ ይመለሳሉ። ያ ሽቦ ሲጠብ፣ መብራት ስታበሩ የተጨመረው ከረንት መውጫ ያጣል። በጌጆቹ በኩል ይገፋል፤ ጠቋሚዎቹም ይዘላሉ። ፍሬቻው እየበራ እየጠፋ ሲሄድ ጠቋሚዎቹ አብረውት የሚወዛወዙት ለዚህ ነው።

ፍሬን ስትረግጡ ከስቶፕ መብራቱ ጋር የኋላ ፍሬቻውም ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። አምፖሎቹ አይደሉም፤ የዚያ መብራት ግራውንድ ነው።

ቢያንስ ሦስት ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ወፍራም ገመድ፣ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው የግራውንድ ሽቦ። ሞተር የተቀመጠው ንዝረት በሚያበርዱ የጎማ ትራሶች ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ስለዚህ ያ ማሰሪያ ከተበጠሰ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የሞተሪኖ ከባድ ከረንት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዴ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይሄዳል። መኪና ስታስነሱ ያ ገመድ የሚሞቅ ወይም የሚጨስ ከሆነ ምክንያቱን አሁን አወቃችሁ።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ብሎኑን አውጡ፣ ሁለቱንም ፊት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። አጥብቃችሁ እሰሩት። ቅባቱ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው፣ እርጥበት እንዳይገባ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ደግሞ ባትሪ አጠገብ ከመድረሳችሁ በፊት ይውለቁ። ቀለበት ፖዚቲቩን ከአካሉ ጋር ካገናኘ በቅጽበት ይግላል፤ ጣት ላይ እያለ።

መልቲሜትሩ 12 ቮልት እያሳየ ለምን አይሠራም?

ይህ ብዙ ሰው የሚሞኝበት ቦታ ነው። ሽቦውን ትለካላችሁ፤ 12 ቮልት አለ። አምፖሉ ግን አይበራም፣ ወይም ደብዛዛ ነው። “ከረንት አለ፣ ስለዚህ አምፖሉ ነው” ትላላችሁ። አዲስ አምፖል ይገባል፤ እሱም ደብዛዛ ነው።

ቮልቴጅ ግፊት ነው፤ ከረንት ፍሰት ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ መሐሉ ላይ ተረግጧል እንበል። ጫፉ ላይ ያለው ቧንቧ ተዘግቶ ከሆነ ግፊቱ ቀስ በቀስ ጫፉ ድረስ ይሞላል። መለኪያ ብታደርጉ ሙሉ ግፊት ያሳያል። ቧንቧውን ክፈቱት፤ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። መልቲሜትር ከሽቦው የሚወስደው ከረንት ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ሃያ ክር የነበረው ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቀርቶት እንኳን 12 ቮልት ያሳያችኋል። ውሸቱ የሚታወቀው ሽቦው ሥራ ሲሰጠው ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። የፊት መብራት ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ ወደ 9 አምፒር ይወስዳሉ፤ አምፒር የከረንት መለኪያ ነው። መንገዱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ የሚሆን ዝገት ካለ ወደ 0.9 ቮልት እዚያው ይቀራል። 0.1 ኦምን በተራ መልቲሜትር በትክክል መለካት ደግሞ አይቻልም። ሞተሪኖ ላይ ነገሩ ይብሳል። 150 አምፒር ሲስብ 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል።

ስለዚህ የሚለካው ኦሙ ሳይሆን የጠፋው ቮልቴጅ ነው። አለካኩ ቀላል ነው። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያዙ፤ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ። ቀዩን ጫፍ የማይሠራው ዕቃ ግራውንድ ላይ አድርጉ። ከዚያ ዕቃውን አብሩት። መንገዱ ንጹህ ከሆነ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት አይበልጥም። ግማሽ ቮልት ካያችሁ መመለሻው ታሟል። ቀዩን ጫፍ ወደ ባትሪው እያቀረባችሁ ብትለኩ ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታ ላይ ዝገቱን ታገኙታላችሁ።

የሙከራ አምፖል በዚህ ረገድ ርካሽ ግን ሐቀኛ መሣሪያ ነው። መብራት ስላለበት ከረንት ይጠጣል፤ የሳሳውን ሽቦ ያጋልጠዋል። ኮምፒውተር ባለበት መስመር ላይ ግን አትጠቀሙበት።

ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው ወይስ የጌጁ?

አንድ ጌጅ ብቻውን ከታመመ ዙሩን ለሁለት መክፈል ነው። ቁልፉን አጥፉና የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉት። ቁልፉን ወደ ኦን አዙሩ፤ ጠቋሚው ወደ አንድ ጫፍ መሄድ አለበት። እንደገና አጥፉ፣ የተነቀለውን ሽቦ ከብረት ጋር አገናኙት፣ አብሩ። አሁን ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ አለበት። ሁለቱም ጫፍ ላይ ከደረሰ ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሴንሰሩ ግራውንድ ነው። ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ ከሽቦው ወደ ዳሽቦርዱ ባለው በኩል ነው።

የትኛው ጫፍ? ይህ እንደ መኪናው ነው። በብዙ መኪኖች ሽቦው ሲነቀል ነዳጁ ባዶ፣ ከብረት ሲገናኝ ሙሉ ይላል። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን ተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ዘንድ ባዶ ታንክ ወደ 0 ኦም፣ ሙሉ ታንክ ወደ 90 ኦም ነው። በብዙ የቆዩ ፎርዶች ደግሞ ባዶው ወደ 73፣ ሙሉው ወደ 10 ኦም ነው። የሌላ ኩባንያ ሴንሰር “ገጥሟል” ተብሎ ሲገባ ጌጁ ግልብጥ የሚያነበው ለዚህ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። በሙቀት የሚሠራ ጌጅን ከብረት ጋር እንዳገናኛችሁ አትተዉት፤ ጠቋሚው መነሳቱን እንዳያችሁ ወዲያው አላቁት። አለበለዚያ ውስጡ ይቃጠላል። የነዳጁን ሽቦ ደግሞ ታንኩ አፍ ላይ አትነካኩት። የነዳጅ ትነት ብልጭታ ይጠብቃል። ከታንኩ ራቅ ያለ ማገናኛ ፈልጉ፤ ማገናኘቱም ቁልፉ ጠፍቶ ይሁን።

ሴንሰሮችም የየራሳቸው አመል አላቸው። የነዳጁ ክንድ ለዓመታት በአንድ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ይፍቀዋል። ጠቋሚው ግማሽ ላይ ሲደርስ ብቻ ወድቆ ከዚያ የሚመለስ ከሆነ ያ ቦታ ተበልቷል። ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ነዳጅ ከገባበት ደግሞ ይሰምጣል፤ ታንኩ ቢሞላም ጌጁ ባዶ ይላል።

የሙቀት ሴንሰር ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ከረንቱ የሚመለሰው ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ በሚጠመዘዝበት ጥርስ በኩል ነው። ውሃ እንዳያሾልክ ተብሎ ጥርሱ በቴፍሎን ከተጠቀለለ ግራውንዱ ሊቆረጥ ይችላል። አዲስ ሴንሰር ገብቶ ጌጁ ዝቅ ብሎ የሚያነበው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነው። የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ጠቋሚው ወደ ቀዝቃዛ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጌጁን ውሸታም ከማለታችሁ በፊት ውሃውን እዩ። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ።

የዘይትና የባትሪ መብራቶችስ?

ቁልፉን ወደ ኦን አዙራችሁ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለቱም ሊበሩ ይገባል። ካልበሩ አምፖሉ ሞቷል ወይም መስመሩ ተቆርጧል። ያ ማለት የምር ችግር ሲመጣ የሚነግራችሁ የለም።

የዘይቱ መብራት ሴንሰር ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ግፊት ሳይኖር ያገናኛል፣ ግፊት ሲመጣ ይቆርጣል። እየነዳችሁ ከበራ ስለ ሽቦ ለማሰብ ጊዜው አይደለም። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ቀጥሎ የሚደረገው ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የሜካኒክ የግፊት መለኪያ ገጥሞ እውነተኛውን ግፊት ማየት ነው። ግፊቱ ትክክል ከሆነ ያኔ ሴንሰሩን ቀይሩ። ሽቦው ከሴንሰሩ ተነቅሎም መብራቱ አልጠፋ ካለ፣ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል።

የባትሪው መብራት የተለየ ነው። በአንድ በኩል ከባትሪው፣ በሌላ በኩል ባትሪውን ከሚሞላው ከዲናሞው ጋር ተያይዟል። ዲናሞው ሳይዞር ከረንት ከባትሪው በአምፖሉ በኩል ወደ ዲናሞው ይፈሳል፤ መብራቱ ይበራል። ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር በሁለቱም በኩል ግፊቱ እኩል ይሆናል። እኩል ከሆነ የሚፈስ የለም፤ ይጠፋል። ማታ ማታ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ከሆነ ሁለቱ ጎን አልተስተካከለም ማለት ነው። የላላ ማገናኛ ወይም የዲናሞው ዳዮድ፣ ማለትም ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ሊሆን ይችላል። በብዙ የቆዩ መኪኖች ላይ ደግሞ ያቺ ከረንት ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው ናት። አምፖሏ ስትቃጠል ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ላይሞላ ይችላል። ሰው ዲናሞ ሲቀይር ጥፋቱ የአንዲት ትንሽ አምፖል ሆኖ ይገኛል።

ማረጋገጫው መልቲሜትር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈና የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አይሞላም፤ ወደ 15 ከተሻገረ ባትሪውንም አምፖሎቹንም ይጨርሳቸዋል።

ፊውዝ ላይ ብዙ አልቆይም። የመስታወት ፊውዝ ክሩ ደህና ሆኖ ጫፉ ሊዝግ ይችላል፤ በጣት ጠምዘዝ ስታደርጉት ከሠራ ችግሩ መቀመጫው ነው። የተቃጠለን ፊውዝ ደግሞ በከፍተኛ አምፒር አትተኩት። ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ባትሪው ቆሞ ለምን ያልቃል?

መኪናው ቆሞም ትንሽ ከረንት ይጠጣል፣ ለምሳሌ ለሰዓት። እስከ 50 ሚሊአምፒር ድረስ ብዙም አያሳስብም። በዚህ ሂሳብ 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እስኪያልቅ 50 ቀን ይፈጅበታል። በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያለች ባለ 5 ዋት አምፖል ግን ክዳኑ ሲዘጋ ካልጠፋች 0.4 አምፒር ትወስዳለች። በቀን 10 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ባትሪው ግማሽ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖውን ማዞሩ ያጠራጥራል።

ለመለካት ሁሉን ነገር አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ። መልቲሜትሩን ወደ 10 አምፒር አድርጉና ቀዩን ገመድ ወደ አምፒሩ ቀዳዳ ቀይሩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና መልቲሜትሩን በባትሪው ራስና በተፈታው ገመድ መካከል አስገቡት። አሁን የሚያልፈው ሁሉ በመለኪያው ውስጥ ነው የሚያልፈው። እንደዚህ ሆኖ ቁልፍ ማዞር ወይም መኪና ማስነሳት የለም፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ እያንዳንዱን ከመለሳችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ። ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ መስመሩን ይነግራችኋል። የኮፈን አምፖል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛ አምፖልና በኋላ የተጨመረ ሬዲዮ የታወቁ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደስ? በፊውዝ የማያልፍ አንድ ወፍራም ሽቦ በብዙ አሮጌ መኪኖች አለ፤ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ዲናሞው የሚሄደው። የዲናሞው ዳዮድ ሲበላሽ ከረንት ወደ ኋላ ያሾልካል። ኔጋቲቩ እንደተፈታ ያንን ሽቦ ከዲናሞው አውጡት፣ ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ጠቅልሉት፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ሌባው ተገኝቷል። አንዳንዴማ መልቲሜትርም አያስፈልግም። ሌሊቱን ቆሞ ባደረ መኪና ላይ ጠዋት ዲናሞውን በእጃችሁ ዳብሱት። ሌላው ብረት ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ፣ ባትሪያችሁ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲያሞቅ ነው ያደረው።